ወናፌ ክትፎ ክትፎ የሸተተ ዕለት

በቡታጅራ ከተማ ቢላዋ እየሠሩ መኖር ምን እንደሚመስል ላጫውታችሁ። ዘመኑ የጃንሆይ መጨረሻ ገደማ ነው፤ መጨረሻ መሆኑን ግን ያኔ ማናችንም አናውቅም። ከመስቀል በፊት ባሉት ሳምንታት ከኔ በላይ የተከበረ ሰው በከተማው አልነበረም። በመንገድ ሳልፍ ባርኔጣ ይነሣልኛል፣ ጤንነቴ ይጠየቃል፣ የወለደችኝ እናቴ እንኳ መርቃኝ የማታውቀውን ምርቃት እሰማለሁ። ጉራጌ ለመስቀል ክትፎ ካልበላ ዓመቱ የገባ አይመስለውም፤ ክትፎ ደግሞ ያለ ስል ቢላዋ አይከተፍም። ታዲያ ከመስቀል ማግሥት ጀምሮ ነገሩ ይገለበጣል። በአገሩ የዶለዶመው፣ የተሸረፈውና የተሰበረው ቢላዋ ሁሉ በጨርቅ ተጠቅልሎ ወደኔ ይመጣል።

«ያንተ ሥራ ነው» ይሉኛል።

«የኔ አይደለም» እላለሁ።

«ታዲያ የማን ነው?»

እሱን እንግዲህ ማን ይወቅ? ከብት እንኳ በጆሮው ምልክት ይለያል፤ ቢላዋ ግን ገበያ ላይ ከወጣ በኋላ አባቱ አይታወቅም። ከወልቂጤ የመጣው፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የተጫነው፣ ሰው በገዛ ደጁ ቀጥቅጦ ያወጣው፣ ሁሉም አንድ ላይ ተደባልቆ ይሸጣል። የሰመረው የሌላ ይሆናል፤ የተሰበረው ግን ሁልጊዜ የኔ ነው። አንድ ጊዜማ አንድ ሰውዬ የተሰበረ መጥረቢያ ይዞ መጣ። በሕይወቴ መጥረቢያ ሠርቼ አላውቅም ስለው፣ «ቢላዋ የሚሠራ ሰው መጥረቢያ መሥራት ምን ይከብደዋል?» ብሎ ተቆጣኝ። እኔም ግራ ገብቶኝ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የአቶ ወርጋን ቢላዋ ነው።

አቶ ወርጋ ከከተማው ዳር ሰፊ የእንሰት ጓሮና ብዙ ከብት ያላቸው፣ ሲናገሩ ሰው ጸጥ ብሎ የሚሰማቸው ትልቅ ሰው ናቸው። አስካለ የምትባል ልጅ አለቻቸው። አስካለ በሥራ ቦታዬ በኩል ስታልፍ መዶሻዬ ብረቱን ትቶ አውራ ጣቴን ያገኛል። እወዳት ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው። እሷም እንደማትጠላኝ ዐውቃለሁ። ምክንያቱም የቤታቸውን ቢላዋ ሁሉ በየሳምንቱ እያመጣች «ሳልልኝ» ትለኛለች። ያልዶለዶመውንም ታመጣለች። እኔም ሳልጠይቅ እስላለሁ። በመጨረሻ ቢላዎቹ ከመሳል ብዛት ቀጥነው ወስፌ ሊያክሉ ምንም አልቀራቸው። ፍቅራችን ለኛ ደግ ቢሆንም ለቤቱ ዕቃ ግን ጥፋት ነበር።

ለዚህም ነው አቶ ወርጋ በአንዱ ዓመት ለመስቀል አዲስ ቢላዋ የገዙት። በበዓሉ ቀን ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ፣ ሥጋው በመከተፍ ላይ እንዳለ፣ ያ አዲስ ቢላዋ ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ። ጫፉ ተፈናጥሮ የአንድ የተከበሩ ሰው ጋቢ ላይ ዐረፈ። ይሄኔ አቶ ወርጋ «የዚያ የኛ ከተማ ባለ እጅ ሥራ ነው!» አሉ። ወሬው በማግሥቱ ከኔ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። በጥር ወር ሽማግሌ ብልክ፣ «ቢላዋው አንድ መስቀል ለማይዘልቅ ሰው ልጄን አልሰጥም» ብለው መለሱብኝ። ሽማግሌዎቼ ጠላቸውን ጠጥተው፣ ቆጯቸውን በልተው፣ እነሱ ጠግበው እኔን ባዶ እጄን አስቀሩኝ።

«ለባለ እጅ ልጅ መስጠት ስላልፈለጉ ነው እንጂ ቢላዋው ሰበብ ነው» ያለኝ ሰው ነበረ። እውነት አልነበረም። አቶ ወርጋ ራሳቸው «ባለ እጅነቱን አልናቅሁም፤ እጁ ነው ያላማረኝ» ብለዋል። ይህ ደግሞ ከንቀቱ የባሰ ነው። ያን ቢላዋ እኔ አልሠራሁትም። ምዬ ተገዝቼ አስነገርኩ። ማን ይመነኝ? ቢላዋው ላይ የኔ አለመሆኑን የሚናገር ነገር የለም፤ የኔ መሆኑንም የሚናገር የለም፤ የሚናገሩት አቶ ወርጋ ብቻ ናቸው።

በቀጣዩ ዓመት መስከረም እንደገባ ለፋፊ ገበያው መሀል ቆሞ ለፈፈ። ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት ፊት ባለው ሜዳ የእጅ ሥራ ትርኢት ሊደረግ ነው፤ ባለሙያ ሁሉ የሠራውን ይዞ ይቅረብ፤ በየዕቃውም ላይ የሠሪው ምልክት ይኑርበት አለ። እኔ ይህን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አጣ። ምልክት! ከእንግዲህ ምልክቴ የሌለበት ቢላዋ ቢሰበር ምን ቸገረኝ? ምልክቴ ያለበትን ደግሞ አቶ ወርጋ በሰው ሁሉ ፊት ይፈትኑት። ይህ ዕድል ካመለጠኝ አስካለን ሌላ ሰው እንደሚወስዳት ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

ግን ምን ምልክት ላድርግ? ጎረቤቴ ሸምሱ ሱቁ ከሥራ ቦታዬ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ ላምባ፣ ጨውና ክብሪት ይሸጣል፤ ምክር ግን በነፃ ነው። «ወላሂ ጨረቃ አድርግበት» አለኝ። «ጨረቃን የሚጠላ ሰው አይቼ አላውቅም።» አብራኝ የምትኖረው አክስቴ ፈለቀች ደግሞ መስቀል ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ጨረቃ ባደርግ አክስቴ ምሳ ትከለክለኛለች፤ መስቀል ባደርግ ሸምሱ ላምባ በዱቤ አይሰጠኝም። አስቤ አስቤ የእንሰት ቅጠል፣ ኮባ፣ ይሁን አልኩ። በአገራችን ቆጮ የማይበላ ክርስቲያን የለም፤ የማይበላ ሙስሊምም የለም። በዚህ ጥበቤ ራሴን አደነቅሁ። ራሴን ባደነቅሁ ቁጥር ምን እንደሚከተል ግን እስከዚያ ዕድሜዬ መማር ነበረብኝ።

ከተሰበረ የጭነት መኪና ባሌስትራ ቆርጬ ማተሚያ ሠራሁ። ጫፉን በሞረድ እየፋቅሁ ኮባውን ከነመሀል አጥንቱ አወጣሁት። በኔ ዓይን ኮባ ነው። ብረቱን አግዬ ቁራጭ ላይ መታሁበትና ለሸምሱ አሳየሁት።

«ማሻ አላህ!» አለ። «የዶሮ ላባ!»

አክስቴ ፈለቀች ወስዳ ወደ ብርሃን አቀረበችው። «ዓሣ ነው። ምነው ልጄ፣ ዓሣ አማረህ እንዴ?» አለችኝ።

ቢላዋ ሊያስል የመጣ አንድ ደንበኛዬ ደግሞ የጫማ ሶል መሆኑን አረጋገጠልኝ። እኔ ግን ሰው ሲለምደው ይገባዋል ብዬ ተውኩት።

አሁን ትልቁን ጅልነቴን ስሙ። ለትርኢቱ ያዘጋጀኋቸው ቢላዎች አልቀው፣ ስለታቸው ወጥቶ፣ የቀንድ እጀታቸው ገብቶ፣ ተወልውለው ተደርድረዋል። ያለቀ ቢላዋ ደግሞ ጠንካራ ነው፤ ማኅተም አይቀበልም። ብመታው ማተሚያው ተንሸራቶ ወደ ማዶ ሄደ፤ መዶሻው የታወቀችውን አውራ ጣቴን አገኛት። ስለዚህ ቢላዎቹን መልሼ አግዬ፣ አትሜ፣ እንደገና ማብረድና መሳል አለብኝ ማለት ነው። እጀታውን ነቅሎ መልሶ መግጠም ታከተኝና የመጀመሪያውን ከነእጀታው እሳት ውስጥ ከተትኩት። ቀንድ ሲቃጠል ምን እንደሚሸት የማታውቁ ተመስገን በሉ። ሸምሱ በኩታው አፍንጫውን ይዞ ብቅ አለና «ምን ሞተ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ እጀታዎቹን ሁሉ ነቀልኩ።

ዕለቱ ረቡዕ ነው። ትርኢቱ ዐርብ ነው። ወናፌን ከተሰቀለበት አወረድኩት። ወናፍ ማለት እሳቱን የምነፋበት የፍየል ቆዳ ነው፤ ያለሱ ፍም ሁሉ ዐመድ ነው። ያ ወናፍ ክረምቱን ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ጢስ ሲጠጣ ከርሞ እንደ ጣውላ ደርቋል። ስጫነው ይንቋቋል፤ አየር ከማውጣት ይልቅ ያጉረመርማል። በደህናው ጊዜ ሞራ ቀብቼ አለሰልሰው ነበር። አሁን ግን ሞራ ከየት ይምጣ? መስቀል ሳይደርስ ማን ያርዳል?

ዓይኔን ባዞር የአክስቴ የቅቤ እንስራ ከጥግ ተቀምጧል።

የአክስቴ ቅቤ የአክስቴ ብቻ አልነበረም። የሰፈሩ ሴቶች ውጆ አላቸው፤ በየተራ ቅቤ ያዋጣሉ፣ ተራ የደረሳት ሁሉንም ጠቅልላ ትወስዳለች። ለመስቀል የሚደርስ ተራ ደግሞ እንደ ሎተሪ ነው፤ በዚያ ዓመት ለአክስቴ ደርሷት ነበር። አንጥራው፣ ኮረሪማውንም ኮሰረቱንም አግብታበት፣ አፉን በኮባ ቋጥራ አስቀምጣዋለች። ይህን ሁሉ ዐውቃለሁ። በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት ግን ቅቤ ያው ቅቤ ነው፣ ቆዳም ያው ቆዳ ነው ብዬ ነው። አክስቴ ወደ ገበያ ወጣ እንዳለች ፈታሁና ወናፉን እስኪጠግብ ቀባሁት። ቆዳው ደግሞ ለካ ጠግቦ አያውቅም፤ ጠጣ፣ ጠጣ፣ ሙሽራ እስኪመስል አበራ።

እውነቱን ለመናገር ሥራው ግሩም ነበር። ወናፉ ለሰለሰ፣ ፍሙ ቦግ አለ፣ የመጀመሪያው ቢላዋ ቀላ፣ ማተሚያውን አስቀምጬ አንዴ ብመታው ኮባው ጥርት ብሎ ወጣ። ልዘፍን ምንም አልቀረኝ። የእሳቱ ሙቀት ግን ቀስ እያለ ወደ ቆዳው ደርሶ ኖሯል። ቅቤው ቀለጠ፣ ኮረሪማው ነቃ፣ ኮሰረቱ ተነሣ፣ እኔም በሁለት እጄ እየተጫንኩ ያን ሁሉ ሽታ ወደ ቡታጅራ ከተማ ነፋሁት።

መጀመሪያ የመጣው ሸምሱ ነው። «አሰላሙ አለይኩም» አለና በጥርጣሬ ዙሪያውን ቃኘ። «ማነው ያረደው? አራጁ ማን እንደሆነ ይታወቅ፤ የኛ ሰው ከሆነ እኔም እቀመጣለሁ።»

«ማንም አላረደም፤ ወናፉ ነው» አልኩት።

«ወናፍህ ማረድ ጀመረ?»

ሳልመልስለት አንዲት ጎረቤት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ደጃፉ ላይ ቆመች። «በረቡዕ ምድር! በጾም! የመስቀልን ክትፎ ከአሁኑ?» ብላ አማተበች፤ እያማተበችም ትንሽ ጠጋ አለች። ከኋላዋ ሁለት መንገደኞች ቆመው ምራቃቸውን ይውጣሉ። አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ዝም ብለው ገብተው ለደንበኛ መቀመጫ ካስቀመጥኩት ግንድ ላይ ተቀመጡ።

«ምን ልታዘዝ አባቴ? ቢላዋ ነው?» አልኳቸው።

«ምንም አልፈልግም ልጄ። አንተ ብቻ ንፋ» አሉኝ።

ወሬ በከተማችን ከአውቶቡስ ይፈጥናል፤ በተለይ ክረምት ላይ አውቶቡሱ ጭቃ ስለሚይዘው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ባለ እጁ በጾም ቀን ከነጓደኞቹ በክትፎ ሲቀማጠል ተያዘ ተባለ። አስካለ አንድ ወስፌ የሚያክል ቢላዋ ይዛ እየሮጠች መጣች።

«አባባ ሰምተዋል» አለችኝ። «ተቆጥተዋል። እውነት ነው እንዴ?»

«አሽትቺው» አልኩና ወናፉን አቀረብኩላት። አሸተተች። ከዚያ ሳቋ መጣ። ግድግዳውን ይዛ ሳቀች፣ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ ሽማግሌውም ለምን እንደሆነ ሳይገባቸው አብረዋት ሳቁ። እኔ ያን ሳቅ ስሰማ፣ ይህቺን ልጅ ካጣሁ ምን ዓይነት ሰው ሆኜ እንደምቀር ታሰበኝ።

እንባዋን ጠረገችና ፊቷ ተለወጠ። «ዐርብ ትርኢቱ ላይ ይመጣሉ። የተሰበረውንም ቢላዋ ይዘው ነው። በደንብ ሥራ እሺ?» ብላኝ ሄደች። የያዘችውን ቢላዋ ረስታ ነው የሄደችው።

በደንብ ልሠራ ነበር። ግን ሆዴን ራበኝና ንፍሮ ልቀምስ ወደ ውስጥ ገባ አልኩ። ጥፋቱ ሸምሱም ወደ ሱቁ መመለሱ፣ ሽማግሌውም ተስፋ ቆርጠው መሄዳቸው ነው። ስወጣ የቡታጅራ ውሾች በሙሉ እኔ ቤት ናቸው። ጾም የማይገድበው እነሱን ብቻ ነውና ወናፌን ከሁለት ወገን ይዘው ይጎትቱታል። እየጮህኩ ስደርስ አንዱ ግማሹን ነክሶ ወደ ታች ሰፈር፣ ሌላው ግማሹን ይዞ ወደ ገበያው ሸሹ። የትኛውን ልከተል? ሁለቱንም ለመከተል ሞከርኩና አንዱንም አላገኘሁ። ከነበሩኝ ቢላዎች ያተምኩት ከእጅ ጣት አይበልጥም።

ሐሙስ ጧት ሸምሱ መላ ይዞ መጣ፤ የብስክሌት መንፊያ። «ጎማ የሚነፋ እሳት አይነፋም እንዴ?» አለ። እሱ በሁለት እጁ እየነፋ፣ እኔ ቱቦውን ይዤ ፍሙ ላይ አነጣጠርኩ። መንፊያው ፊስ፣ ፊስ ይላል፤ ፍሙ አንዴ ቀላ ይልና ያዝናል። ሸምሱ ተናደደና ባለ በሌለ ኃይሉ ሲነፋው ብልጭታ ተፈናጥሮ ጢሙ ላይ ዐረፈ። «አስተግፊሩላህ!» ብሎ ጢሙን በጥፊ መታ። በዚያ መካከል ቱቦው ቀልጦ በእጄ ቀረ። የተቃጠለ ጎማ ሽታም በሰፈሩ ናኘ። ይህንን ቁጭ ብሎ የሚያሸት ሽማግሌ ግን አልመጣም።

ይህ ሳያንስ አክስቴ ፈለቀች እንስራዋን ፈታ አየች። አልጮኸችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ለቅሶ እንደሚሄድ ሰው ዝም ብላ ወጣች። ጥቂት ቆይታ ስትመለስ የውጆው ሴቶች በሙሉ ከኋላዋ ተከትለዋታል። የሰብሳቢያቸው የእትዬ ሙሉ ቁጣ በከተማው የታወቀ ነው። ግንዱ ላይ ተቀመጡ፤ ሌሎቹ ዙሪያውን ቆሙ። እኔ መሀል ላይ ጥላሸቴን እንደተቀባሁ ቀረሁ። ሸምሱ ሹልክ ሊል ሲል «አንተም ቁም» አሉት።

«ቅቤውን ማን በላው?» አሉ እትዬ ሙሉ።

«ወናፉ» አልኩ።

«ወናፉስ የት አለ?»

«ውሻ በላው።»

«ውሻውስ?»

«ሮጠ።»

ከሴቶቹ መካከል አንዷ ጥርሷን ነክሳ ሳቋን ስትውጥ አየሁ። እትዬ ሙሉ ግን ንቅንቅ አላሉም። «የሃያ ቤት ሴት ከልጆቿ አፍ ነጥቃ ያጠራቀመችውን ቅቤ ለቆዳ የምትቀባ፣ ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ።

የሆንኩትን ነገርኳቸው። ስለተሰበረው ቢላዋ፣ ስለተመለሱት ሽማግሌዎች፣ አቶ ወርጋ ነገ እንደሚመጡ፣ ምልክቴን ያላተምኩበት ቢላዋ ይዤ ብቀርብ ለዘላለም ውሸታም ሆኜ እንደምቀር ሁሉንም ዘረገፍኩ። «አስካለን ነው የፈለግሁት፤ ሌላ ምንም አልፈለግሁም» አልኩ።

«ልጅቷስ ትፈልግሃለች?» አሉ እትዬ ሙሉ።

ሸምሱ ቀደመኝ። «ወላሂ ትፈልገዋለች። ቢላዎቻቸውን አይታችኋቸዋል?»

እትዬ ሙሉ ተነሡ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። «ታዲያ ምን ታስቆመናለህ? ሰፌድ አምጡ!»

ከየቤቱ ሰፌድ መጣ። ሴቶቹ ምድጃውን ከበቡና ልክ እንደ ውጆአቸው ተራ ገቡ፤ አንዷ ስትደክም ሌላዋ እየተካች አራገቡት። እሳቱ እንደዚያ ሲነድ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ሸምሱ ብረቱን በጉጠት ይዞ ያቀርብልኛል፣ እኔ አትማለሁ፣ አክስቴ ፈለቀች ውሃ ታቀርባለች፤ ቁጣዋ ስላልበረደ እየወረወረች ነው የምታቀርበው። ማተሚያው በመካከሉ ጥጉ ተሸረፈና ኮባው ከአንድ ወገን የተበጣ ሆነ። ሴቶቹ በየቢላዋው ላይ ተከራከሩ። ላባ ነው፣ ምላስ ነው፣ የበግ ጆሮ ነው፣ የለም የሕፃን እግር ነው። አንዲት ጠና ያሉ ሴት «ምንም ይሁን ምን፣ ያምራል» አሉና ገላገሉኝ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የመጨረሻው ቢላዋ ታተመ። ሁላችንም ፊታችን በጥላሸት ጠቁሮ፣ እርስ በርሳችን ተያይተን ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ አክስቴ ጠጋ አለችኝ።

«የቅቤዬን ነገር» አለች፣ «ከሰርግህ በኋላ እንነጋገራለን።»

እኔ ሌሊቱን ስስልና እጀታ ስገጥም አደርኩ፤ ዐርብ ጧት ሜዳው ሞላ። ሸክላ ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ከቀንድ ዋንጫ የሚያወጣው፣ ከወዲያ ከቸሃ በኩል የመጡ ምንጣፍ ሠሪዎች ሁሉ ተደርድረዋል። የጃንሆይ ፎቶግራፍ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተሰቅሏል። እኔ ጠረጴዛ ስለሌለኝ ሁለት የሸምሱን የላምባ በርሜሎች አቁሜ፣ ጣውላ አጋድሜባቸው፣ ቢላዎቼን ደረደርኩ። ከአውራጃው የመጡ አንድ ባለ ክራቫት አንዱን አነሡ፣ ምልክቱን አዩ፣ «ጥሩ ነው። ይህ ዓሣ የዝዋይ ነው?» አሉኝ። «አዎን ጌታዬ» አልኩ። ከባለ ሥልጣን ጋር ስለ ዓሣ አልከራከርም።

ከዚያ አቶ ወርጋ መጡ። ጋቢያቸውን አጣፍተዋል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርነሽና አስካለ ከኋላቸው ናቸው። የውጆው ሴቶችም ሸክላ የሚያዩ መስለው ተጠጉ። አቶ ወርጋ ከብብታቸው ጨርቅ አወጡና የተሰበረውን ቢላዋ ጣውላው ላይ አስቀመጡት።

«ይህን ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም አባባ።»

«ይህንንስ?» ከኔ ቢላዎች አንዱን አነሡ።

«እሱ የኔ ነው። ምልክቴ አለበት።»

ምልክቱን አቅርበው አርቀው አዩት። «ኮባ» አሉ። ከሰው ሁሉ ኮባ ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ ልስም ምንም አልቀረኝ። ደስታዬ ግን አልቆየም። «ኮባው ደህና ነው» አሉ፤ «ኮባ ግን ሥጋ አይቆርጥም። እንየው እስቲ።»

የቢላዋውን ጫፍ በጣውላው ስንጥቅ ውስጥ ሸጎጡና እጀታውን ይዘው ወደ ጎን አጎበጡት። ጎበጠ። ለቀቁት፤ ቀጥ አለ። አሁንም አጎበጡት፤ ቀጥ አለ። ተናደዱ መሰለኝ፣ በሦስተኛው ሙሉ ሰውነታቸውን ጣሉበት። ቢላዋው አልተሰበረም። ጣውላው ግን ከበርሜሉ ሸተት አለ። ከዚያ የሆነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው፤ በርሜሉ ተንከባለለ፣ ቢላዎቼ ተንኮሻኮሹ፣ አቶ ወርጋ ጋቢያቸው ተከናንቧቸው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። ሜዳው በሙሉ ዞር አለ። ማንም አልሳቀም፤ መሳቅ የሚገባው መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ ነው የፈራው።

ላነሣቸው ጎንበስ አልኩ። ቢላዋው በእጃቸው ነው፤ ደህና ነው። እሳቸውም ደህና ናቸው። ኮቴን ያዙና ጆሮዬን ወደ ጋቢው ውስጥ ሳቡት።

«ስማ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ያኛው ያንተ አይደለም።»

«እኔም እኮ ያልኩት...»

«ዝም በል። ወልቂጤ ሄጄ ከአንድ አላፊ ነጋዴ ገዛሁት። ብርነሽ ካንተ እንድገዛ ነበር የላከችኝ፤ ረሳሁና ካንተ ነው አልኳት። ያ ሁሉ እንግዳ እያየኝ ሲሰበር ታዲያ ምን ልበል? አንዴ ከአፌ ወጣ።» ቢላዋውን በጣታቸው ዳበሱ። «እጅህ እጅ ነው። ለመስቀል ቤቴ ና። ሽማግሌዎችህንም ከዚያ በኋላ ላክ። የወልቂጤውን ነገር ግን ለብርነሽ እንዳትተነፍስ። ማል።»

ማልኩ። ተደግፈውኝ ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አራገፉ፣ ቢላዋውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው «ቢላዋው ደህና ነው! የተበላሸው ጣውላው ነው!» ብለው ለሕዝቡ ተናገሩ። ያን ጊዜ ሳቁ ተለቀቀ። የውጆው ሴቶች እልልታውን አቀለጡት፤ ለሸክላው መስሎት ሸክላ ሠሪው እጅ ነሣ። አስካለ የወደቁ ቢላዎቼን እየለቀመች ጨርቄ ላይ ስትደረድር እጇ እጄን ነካው፤ ሁለታችንም ሌላ ቦታ አየን።

መስቀል ደረሰ። በአቶ ወርጋ ቤት እንደ ቤተኛ ተቀመጥኩ። በሬው በኔ ቢላዋ ተበለተ፣ ክትፎው በኔ ቢላዋ ተከተፈ፣ አቶ ወርጋም እንግዳ በገባ ቁጥር ኮባውን ያሳያሉ። ወይዘሮ ብርነሽ ክትፎውን በኮባ ላይ አድርገው ለኔ ሲያቀርቡልኝ ጎንበስ አሉና ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«ያ የአምናው ቢላዋ ከወልቂጤ እንደሆነ ታውቃለህ?»

ጉርሻዬን አፌ ሳላደርስ መለስኩ።

«እኔ ዐውቃለሁ» አሉ። «እህቴ እዚያ ናት፤ ሲገዙ አይታቸው ባለፈው ወር ስትመጣ ነገረችኝ። ሰው ፊት ላሳፍራቸው? ትርኢቱ ላይ ይሂዱና በዓይንዎ ይዩ ብዬ የነዘነዝኳቸው እኔ ነኝ። እንዳወቅሁ ግን እንዳትነግራቸው፤ ቅር ይላቸዋል። በል ማልልኝ።»

ማልኩ። ቀና ስል አቶ ወርጋ ከማዶ ሆነው በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ወይዘሮ ብርነሽም ከጎኔ ሆነው ጠቀሱኝ። እኔ በመካከላቸው ጉርሻዬን ይዤ አንዴ ወደዚያ፣ አንዴ ወደዚህ ራሴን ነቀነቅሁ። አስካለ ከጓዳ ብቅ አለችና አየችኝ።

«ምን ሆነህ ነው የምትነቀንቀው?» አለችኝ።

«ጣፍጦኝ ነው» አልኳት።